ሾርባውን ብትጠጣም

ስዩሜ፣

ከተለየኸን ዓመት ከዘጠኝ ቀን ሆነህ። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብዬህ አላውቅም። ተኳርፈን እንኳ ከሁለት ቀን አያልፍም ነበር፤ አንተ ‹‹ጨው የት ነው የምታስቀምጪው?›› ብለህ ወጥ ቤት ትገባለህ፣ እኔም ጨው ያለበት ጠፍቶህ ሳይሆን አፌን ልታስከፍተኝ መሆኑን እያወቅኩ እመልስልሃለሁ። በዚህኛው ኩርፊያ ግን ጨው ፈላጊው ስላልመጣ ራሴው ጀመርኩት። የምነግርህ ብዙ አለኝና ተመቻችተህ ስማኝ።

ቤቱ ደህና ነው። እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እዚያው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነን። እኔም እዚያው ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ሶስና አስራ ሦስት ዓመቷን ደፈነች፤ ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ነው፣ ከእንግዲህ ስቆጣት ሽቅብ ልመለከት ነው። አፍንጫዋ ያንተው ነው። ስታኮርፍ ግን ቁርጥ እኔን ናት፤ አንተ ይህን ስትለኝ አሥር ዓመት ተከራክሬህ አሁን አመንኩ። እህትህ እትዬ ብርቄ ከአሌክሳንድሪያ በየጠዋቱ ይደውላሉ። እዚያ ላንድማርክ ሰፈራቸው ተቀምጠው ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ሰው ቁርስ መብላቱን ካላረጋገጡ ቀናቸው አይጀምርም።

የወጥ ቤቱ ቧንቧ ባለፈው ክረምት ማንጠባጠብ ጀመረ። የቧንቧ ሠራተኛ ሚስት ሆኜ ሌላ የቧንቧ ሠራተኛ መጥራት አሳፈረኝ። የመሣሪያ ሳጥንህን ከፍቼ፣ እንግሊዝ ቁልፉን ይዤ ከሳህን ማጠቢያው ሥር ገባሁ። መጀመሪያ ዋናውን ውሃ መዝጋት እንደነበረብኝ የገባኝ ውሃው ፊቴን ካጠበኝ በኋላ ነው። ብትኖር ወር ሙሉ ታሾፍብኝ ነበር። ሶስና ፎጣ ይዛ መጥታ፣ ከራሴ እስከ እግሬ ርሼ ስታየኝ ፈገግ ልትል አለችና ተወችው። በሦስተኛው ቀን ግን ሠራሁት፣ እስከ ዛሬም አንዲት ጠብታ አልወጣውም።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ ይገባል። ከአርባህ በኋላ ስምህን ከቤት አስወጣሁት። በክፋት አይደለም። ሶስናን ሳያት አንጀቴን በላችኝና፣ ባይነሳባት ይሻላታል ብዬ ወሰንኩ። ፎቶህን ከሳሎን አንስቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ከክረምት ሹራቦቹ ሥር አስገባሁት። ሊጠይቁን የሚመጡትን ሰዎች በር ላይ እየተቀበልኩ ‹‹እባካችሁ፣ ልጅቷ ፊት እንዳታነሱት›› እያልኩ አስጠነቀቅኳቸው። እኛ እኮ ለቅሶ ቤት ገብተን የሟቹን ጠባይ አንድ በአንድ እየጠራን የምናለቅስ ሰዎች ነን። እኔ ግን አገሩ አሜሪካ ነው ብዬ ቤቴን ጸጥ አደረግኩት። እትዬ ብርቄ ‹‹ኧረ ተይ፣ አልቅሳ ይውጣላት›› ቢሉኝ ተቆጣኋቸው። ሶስና አንድም ቀን ሳታለቅስ ከረመች። እኔም ጎበዝ ልጅ ብዬ አመሰገንኳት። አየህ ሞኝነቴን፣ አመሰገንኳት!

አሁን ወደ ሚስስ ሊን ልምጣ። ከእኛ በታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት ቻይናዊት ባልቴት፣ አንተ ‹‹የወንዝ እመቤት›› ያልካቸው። የተዋወቃችሁበትን ሳስበው ዛሬም ያስቀኛል። ስንቱን ቤት ከውሃ ስታድን የምትውለው ሰውዬ፣ የራስህ መታጠቢያ ቤት አፍስሶ የእሳቸውን ኮርኒስ አበሰበሰባቸው። ይቅርታ ልትጠይቅ መሣሪያህን ይዘህ ወረድክ። እሳቸውም በብርጭቆ ፍል ውሃ አቀረቡልህ። አንተ የሻይ ቅጠሉ እስኪመጣ ብለህ ጠበቅክ፤ ውሃው ቀዘቀዘ፣ የሻይ ቅጠሉም አልመጣ። ቤት ገብተህ ‹‹ሴትዮዋ ሻዩን ረስተው ውሃውን ብቻ ሰጡኝ›› አልከኝ። እሳቸው እንግዳ የሚያከብሩት በፍል ውሃ መሆኑን ስታውቅ ደግሞ ሳትጠጣው መውጣትህ እንዴት እንደቆጨህ አልረሳውም።

ከዚያ በኋላ ምክንያት እየፈለግክ መውረድ ጀመርክ። ሚስስ ሊን ያደጉት ቢጫው ወንዝ ከሚባለው ከትልቁ ወንዛቸው ዳር ነው፤ ውሃ ያልገባበት ተረት የላቸውም። እንግሊዝኛቸው የተሰባበረ፣ ያንተም ከዚያ ብዙ የማይርቅ፤ ሁለታችሁ ግን ስትግባቡ ለጉድ ነው። እዚሁ አገር ተወልዳ በእንግሊዝኛ አፏን የፈታችው ሶስና መሃላችሁ ተቀምጣ ‹‹ዋት?›› ትላለች።

አንድ ቀን መኪና ቁልፍህ ላይ የተንጠለጠለውን የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አይተው ተከፉብህ። እኛ ዘንዶው ሲወጋ እልል እንላለን፤ እሳቸው ደግሞ ‹‹ምን አደረገ? ከሞተስ ዝናቡን ማን ያመጣል?›› አሉህ። ለካ እነሱ ዘንድ ዘንዶ የወንዝና የባሕር ንጉሥ ነው፣ ድርቅ ሲሆን ዝናብ እንዲያወርድ ይለመናል። ብዙ ተጨንቀህ ‹‹የእናንተ ዘንዶ ሌላ ዘር ሳይሆን አይቀርም›› ብለህ ነገሩን አበረድከው። በሚቀጥለው ቀን ሳይህ ሥዕሉን ከቁልፉ ላይ አውጥተህ በአንገትህ፣ ከሸሚዝህ ሥር አድርገኸዋል። ጊዮርጊስንም ሳትተው፣ ሴትዮዋንም ሳታስቀይም።

የምንኖርበት ከተማ ስም የብር ምንጭ ማለት መሆኑን ልብ ያልኩትም በእሳቸው ነው። ለእኔ ስንት ዓመት ሙሉ ሲልቨር ስፕሪንግ የባቡር ጣቢያ ስም ነበር። እኛ ፍኖተ ሐሊብ ብለን የወተት መንገድ ያደረግነውን የሰማይ ከዋክብት እነሱ የብር ወንዝ ይሉታል። ከዚያ ወንዝ ወዲህና ወዲያ የተለያዩ ባልና ሚስት አሉ፤ በዓመት አንድ ቀን ወፎች ክንፍ ለክንፍ ተያይዘው ድልድይ ይሠሩላቸውና ይገናኛሉ። ሚስስ ሊን ልጃቸው ወደዚህ ሲያመጣቸው የከተማውን ስም ሰምተው፣ የዚያ ወንዝ ምንጭ ካለበት አገር ልገባ ነው ብለው ነበር። የደረሱት መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። ይህን ሲያወሩ እስከ ዛሬ ራሳቸው ይስቃሉ።

አንተ ከሁሉም የወደድከው ዩ የሚባለውን የጥንት ጀግናቸውን ታሪክ ነበር። ምድር በጎርፍ በተጥለቀለቀች ጊዜ መጀመሪያ የተላከው የዩ አባት ነው። እሱም በራሱ የሚያድግ ተአምረኛ አፈር ከሰማይ ሰርቆ ውሃውን ገደበ። ውሃው ተጠራቅሞ ግድቡን ጣሰውና የባሰ አጠፋ። ልጁ ዩ ግን መገደቡን ትቶ ቦይ ቆፈረ፤ ለወንዞቹ መንገድ እየከፈተ ወደ ባሕር ሸኛቸው። አስራ ሦስት ዓመት ሲቆፍር በገዛ ቤቱ ደጅ ሦስት ጊዜ አልፎ አንዴም አልገባም። ‹‹ፕለምበር ማለት እሱ ነው!›› ትል ነበር።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ የሰማነው ግን በክፉ ቀን ነው። የሶስና አሥረኛ ልደት ዕለት፣ በርክ በሚባል ሰፈር አንድ ቤት ቤዝመንቱ በውሃ ተሞላ ብለው ጠሩህና ሄድክ። ከዚያ ሌላ ቤት፣ ከዚያ ሌላ። በቀለበቱ አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ፣ የእኛን መውጫ አልፈህ ስትሄድ ደውለህልኝ ነበር። ኬኩ ተቆርጦ፣ ልጆቹ ሁሉ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ ገባህና ‹‹ዩ በደጁ ሦስት ጊዜ አልፏል፣ እኔ ያለፍኩት አንዴ ነው›› ብለህ አረፍከው። ሶስና ‹‹አባዬ፣ ዛት ኢዝ ኖት አን ኤክስኪዩዝ፣ ዛት ኢዝ ኤ ስቶሪ›› ብላህ ክፍሏ ገባች። እኔ ደግሞ በሚስስ ሊን ተናደድኩ፤ ላንተ የአስራ ሦስት ዓመት ሰበብ ያስታጠቁት እሳቸው ናቸውና። አንተንም አኮረፍኩህ። አሁን ሳስበው፣ አመሸህ ብዬ የማኮርፈው ሰው ስለነበረኝ ታድዬ ነበር።

እንግዲህ ዓመትህ ተቃረበ። እትዬ ብርቄ ‹‹ሙት ዓመቱን እዚህ እናውጣው፣ የኛ ሕንፃ ፓርቲ ሩሙ ሰፊ ነው›› አሉኝና ተስማማሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ የተስማማሁት ቶሎ አልቆ እንዲያልፍልኝ ነው። ጎረቤት መጥራት ደንብ ነውና ሶስናን ‹‹ውረጂና ለሚስስ ሊን፣ የአባቴ ዓመት ስለሆነ ቅዳሜ መጥተው ጠበል ይቅመሱልን በያቸው›› ብዬ ላክኋት።

ስህተቱ እዚህች ላይ ነው። አንተና እኔ ጠበል ቅመሱ ስንባል ምን እንደሚጠብቀን እናውቃለን። ጠበሏ አንዲት ጉንጭ ናት፣ ቀሪው ዳቦው፣ ወጡና ጠላው ነው፤ የሀበሻ ልጅ ጠበል ቅመስ ከተባለ ሆዱን አዘጋጅቶ ነው የሚሄደው። ሶስና ግን ቃሉን እንዳለ ወሰደችው። ‹‹ማይ ማም ዋንትስ ዩ ቱ ካም ድሪንክ ዘ ሆሊ ዋተር፣ ፎር ማይ ዳድ›› አለቻቸው። ሚስስ ሊን ማን ማን ነው የሚጠጣው ብለው ጠየቋት። አባቴን የሚያውቅ ሁሉ አለች። እናትሽም? አዎ። አንቺም? አዎ። ይሄኔ ሴትዮዋ ከመቀመጫቸው ተነስተው ሁለት ትከሻዋን ያዙና እንዳትጠጪ አሏት።

ለካ በእነሱ ተረት ሙታን አገር ውስጥ አንድ ወንዝ አለ፣ የመርሳት ወንዝ። ወንዙ ላይ ድልድይ አለ፤ ድልድዩ አጠገብ አንዲት አሮጊት ድስት ጥደው ተቀምጠዋል። የሞተ ሰው ሁሉ ከመሻገሩ በፊት ከእኚህ አሮጊት እጅ አንድ ሳህን ሾርባ ተቀብሎ ይጠጣል። የጠጣ ሰው ሚስቱንም፣ ልጁንም፣ የገዛ ስሙንም ይረሳል፤ ከዚያ እንደ አዲስ ለመወለድ ይሄዳል። ሚስስ ሊን እኛ ኢትዮጵያውያን ዓመት ሲሞላ ተሰብስበን፣ ሟቹን ለመርሳት ከዚያ ውሃ የምንጠጣ መሰላቸው። አንተን ደግሞ ሊረሱህ አልፈለጉም። አልመጣም ብለው ላኩብኝ።

ሶስና ስትመለስ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ‹‹አልሄድም›› አለች። ‹‹ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ አልሄድም።›› ምነው ብላት የሾርባውን ነገር ነገረችኝ። ሳቄ መጣ። ልስቅ ዞር ስል ዓይኗን አየሁትና ሳቄን ዋጥኩት።

‹‹ማሚ፣ ጠጥቶት ቢሆንስ?›› አለችኝ። ከዚያ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገች ‹‹እኔ ድምፁን ረስቻለሁ። ሴፕቴምበር ላይ ነው የረሳሁት። ትራይ አደርጋለሁ፣ አይመጣም። እኔ ከረሳሁት እሱም ረስቶኛል፣ ራይት?›› አለች።

ስዩሜ፣ ልጅህ ይህን ለብቻዋ ስንት ወር ተሸክማው ኖራለች። በአንድ ጠረጴዛ እየበላን፣ በአንድ መኪና እየሄድን አላወቅኩም። ስምህ በማይጠራበት ቤት ውስጥ ድምፅህን ከየት ታምጣው? ያች አሮጊት ሾርባዋን ከመቅዳቷ በፊት እኔ ለልጄ ቀድቼ ሰጥቻት ነበር። በዩ አባት ስንት ጊዜ የሳቅኩት እኔ፣ ቤቴን ከዳር እስከ ዳር ገድቤ ተቀምጫለሁ። አቀፍኳት፤ ደርቃ ቆመች። ምን ልበላት? በሾርባው አላምንም፣ ቄሱም ቢሰሙኝ ንስሐ ግቢ ነው የሚሉኝ። ልጅቷ የጠየቀችኝ ግን የሃይማኖት ጥያቄ አልነበረም። አባቴ ረስቶኛል ወይ ነው ያለችኝ። መልሱን ካላገኘሁ ቅዳሜ ያለ እሷ ነው የምሄደው፤ ያለ ልጅህ የሚወጣ ዓመት ደግሞ ምን ዓመት ነው?

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ቤቴ ሳልገባ የሚስስ ሊንን በር አንኳኳሁ። ፍል ውሃ ቀረበልኝ፤ ትምህርት ወስጃለሁና ወዲያው ጠጣሁት። ከዚያ ‹‹ሆሊ ዋተር፣ ኖ ፎርጌት። ሆሊ ዋተር፣ ሪሜምበር›› አልኳቸው። ጠበል በሽተኛ የሚፈወስበት ውሃ መሆኑን፣ ሙት ዓመት የሚወጣውም ሟቹ እንዲታሰብ እንጂ እንዲረሳ አለመሆኑን በአፌም በእጄም አስረዳኋቸው። ሲገባቸው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ልጅቷን አስደነገጥኳት ብለው ተጨነቁ።

ሾርባውን እምቢ ያለ ሰው የለም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አለ አሉኝ። እምቢ ያለ ሰው ከድልድዩ ወንዙ ውስጥ ይዘላል። ሺህ ዓመት ብርድ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ የሚወዳቸው ሰዎች ከላይ በድልድዩ ሲያልፉ እያየ ይጠብቃል። ቢጣራ አይሰሙትም። ከዚያ ባላቸው ሊሞት ሲል እሳቸው ያሉትን ነገሩኝ። ‹‹አይ ቴል ሂም፣ ድሪንክ። ዩ ድሪንክ ኦል። አይ ሪሜምበር ፎር ቱ ፒፕል።››

አንተ ጠጣ፣ እኔ ለሁለት ሰው አስታውሳለሁ ማለታቸው ነው። ባላቸው ብርድ ውሃ ውስጥ እንዳይቆም ብለው እንዲረሳቸው ፈቀዱለት። ይህን ስሰማ እዚያው ወንበራቸው ላይ አለቀስኩ፣ ስዩሜ። ድምፄን አውጥቼ ሳለቅስ ከቀብርህ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሚስስ ሊን ዝም በይም አይዞሽም አላሉኝም፤ ብርጭቆዬን እየሞሉ ጠበቁኝ።

ቤት ገብቼ ፎቶህን ከሹራቦቹ ሥር አወጣሁና ቦታህ ላይ ሰቀልኩት። ሶስና በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ሚስስ ሊን ያሉትን ነገርኳት። ‹‹አባትሽ ረስቶ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፣ አላውቅም ማለቴን ይቅር በዪኝ። ያንቺ ድምፁን መርሳት ግን የኔ ጥፋት ነው፣ እኔ ነኝ የደበቅኩብሽ›› አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ ከእኔ ቀድማ በሩ ጋ ቆማ አገኘኋት።

ሚስስ ሊንም መጡ። ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ ብርቱካን የሞላ ከረጢት ታቅፈው እስከ አሌክሳንድሪያ ሄድን። ፓርቲ ሩሙ ሞልቶ ነበር። ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው ጠበሉ ሲዞር ሚስስ ሊን ጽዋውን ተቀብለው ሶስናን አዩ፤ ሶስና ራሷን ነቀነቀችላቸው፤ ተጎነጩ። ከዚያ ቀጥላ እሷ ጠጣች።

ሰው በልቶ ሲያበቃ ተነስቼ ቆምኩ። ታውቀኛለህ፣ ሰው ፊት መናገር አልወድም። ‹‹ዓመቱን ሙሉ ስዩምን እንዳታነሱት ብዬ አስቸገርኳችሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ። አሁን አንሱት›› አልኩ። ከዚያ ሰዉ ሁሉ ባንዴ አነሳህ! ክሊኒክ ሄደህ ወረፋ ስትጠብቅ የክሊኒኩን ቧንቧ ማበጀትህን፣ ሠርግ ላይ በሱፍ ልብስህ ከመታጠቢያ ሥር ገብተህ መገኘትህን፣ ጉራህን፣ ልግስናህን፣ ስትዘፍን ዜማ መሳትህን፣ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀበለዋል።

ሶስና እትዬ ብርቄ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ‹‹እትዬ፣ አባዬ ቧንቧ እምቢ ሲለው ምን ነበር የሚለው?›› አለቻቸው። እትዬ ብርቄ ወገባቸውን ይዘው ተነሱና፣ እንዳንተው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ‹‹ወይ አንቺ! ቆይ ዛሬ እኔና አንቺ እንተያያለን!›› ብለው ሳቁ። ያው አንድ እናት የወለደቻችሁ ናችሁና ድምፁ ካንተ ጉሮሮ የወጣ ነው የሚመስለው፤ ሳቁ ራሱ፣ መጨረሻ ላይ የምትቆረጠው እንኳ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሶስና ግን አልሳቀችም። ‹‹ዛት ኢዝ ኢት›› አለች። ‹‹እሱ ነው። ድምፁ እሱ ነው።›› እትዬ ብርቄ ጭን ላይ ተደፍታ የዓመቱን ሁሉ አለቀሰች። እኔም አልከለከልኳት። ማንም አልከለከላት።

ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ሚስስ ሊን እኔም የምናገረው አለኝ አሉና አስተርጓሚያቸው እሷ ሆነች። ያን የልደቷን ቀን፣ አንተ መጀመሪያ ወደ እኛ አልወጣህም። እሳቸው በር ላይ፣ ሱሪህ እስከ ጉልበትህ ረጥቦ ቆመህ፣ ልጄን በምን ዓይኔ ልያት ብለህ ጠይቀሃቸዋል። ዩን የሰጡህ ያኔ ነው። ሶስና ይህን ወደ አማርኛ ስትመልስ መሃል ላይ ቆመች። ‹‹እኔን... ለማየት ፈርቶ ነበር›› አለች ለሰዉ፤ ከዚያ ቀስ ብላ ፈገግ አለች። አየህ፣ ሦስት ዓመት ይዛብህ የቆየችው ቂም ነበር፣ ያን ቀን ለቀቀችህ።

ወደ ቤት ስንመለስ ገና ፀሐይ ነበር። ድልድዩን ስንወጣ ፖቶማክ ከታች ሰፍቶ ይታያል። ሚስስ ሊን ከፊት ወንበር ተኝተዋል። ሶስና ከኋላዬ ወንዙን ስታይ ቆየችና ‹‹ማሚ፣ ጠጥቶት ቢሆን እንኳ ኢትስ ኦኬ›› አለችኝ። ‹‹ስናገኘው ራሳችንን ኢንትሮዲዩስ እናደርጋለን።››

መንገዱ እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። እኔ መልስ ፍለጋ ስንከራተት ልጄ አግኝታው መጣች።

ይኸው ዘጠኝ ቀናችን ነው፤ ቤቱ ሌላ ቤት ሆኗል። እራት ላይ አንድ አንድ ስላንተ እንናገራለን፣ ደንቡን ያወጣችው እሷ ናት። እኔ የማላውቀውን ስትነግረኝ፣ እሷ የማታውቀውን ስነግራት ሳህኑ ይቀዘቅዛል። እትዬ ብርቄም የቁርሱን ጥያቄ ትተው ጠዋት የሚደውሉት ለእሷ ሆኗል፤ ‹‹ስሚ ደግሞ፣ አባትሽ አንድ ቀን...›› ሲሉ ከዚህ እሰማቸዋለሁ። ትናንት ሶስና ስትስቅ መታጠቢያ ቤት ሆኜ ሰምቼ አንተ የመጣህ መስሎኝ ደነገጥኩ። እትዬ ብርቄ ብቻ አይደሉም፣ ልጅቷም ሳቅህን ወርሳለች።

እኔ አሁንም በሾርባው አላምንም። አንተ በአብርሃም እቅፍ ነህ፣ እንደዚያ ነው የምጸልይልህ። ግን ምናልባት ሚስስ ሊን ልክ ሆነው፣ ያች አሮጊት ሳህኗን ከዘረጋችልህ፣ ለእኛ ብለህ ብርድ ውሃ ውስጥ እንዳትቆም። ጠጣው፣ ሆዴ፤ ሳትሳቀቅ ጠጣው። ማስታወሱን ለእኛ ተወው፤ እኛ ሁለት ነን፣ ላንተም ይተርፈናል። አንዲት ቀንህን አንጥልም፣ የተቆጣህባትንም ያመሸህባትንም ጨምረን።

የመጣን ለትም ማን እንደሆንን ቢጠፋህ አትጨነቅ። እጃችንን ዘርግተን እንተዋወቅሃለን። እኔ እታፈራሁ እባላለሁ። ይህች ደግሞ ሶስና ናት፣ ልጅህ ናት።